ሳንቲምን በአነስተኛ ወጪ ፎቶ ማንሳት፦ ከእናቴ ከረጢት የተማርኩት
(በማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «አንድ ነገር አቅርብልን» ሲሉኝ ስለ ፊዚክስ ማስተማር እንድናገር የፈለጉ መስሎኝ የድሮ ማስታወሻዬን ማገላበጥ ጀምሬ ነበር። «የለም፣ ስለዚያ ስለ ሳንቲም ፎቶህ ነው የምንፈልገው» አሉኝ። ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ፎቶ ሳነሳ ነው የምውለው። ባለቤቴ «ጡረታህን በሳንቲም ጨረስከው» ትለኛለች። አባባሏ በሁለት መንገድ እውነት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው አውጥቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ በአብዛኛው የዚያን ስህተት ታሪክና በኋላ በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንደታረመ ነው።

የካሜራ ነጋዴ አይደለሁም፣ ፎቶግራፍም በትምህርት ቤት አልተማርኩም። ከእናንተ መካከል ግን በተማሪነታችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጥቡ ያደራችሁ አላችሁ። ስሳሳት አርሙኝ።

የእናቴ ከረጢት

እናቴ ስታርፍ በአንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አሥራ አንድ ብር ትታልን ነበር። ሰባቱ ጠገራ ናቸው፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር። ሦስቱ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ አንዱ ደግሞ የምኒልክ አላድ። ከአያቴ የወረሰቻቸው ናቸው። እኛ ሦስት ልጆች ነን፤ ታናሽ እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። «ከመካፈላችን በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልን» አለችኝ።

ያኔ አዲስ ካሜራ ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ከዚህ በላይ የለም» ብሎ የሸጠልኝ፣ የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ጠራርጎ የወሰደ ካሜራ ነው። ብሮቹን አልጋ ልብስ ላይ ደረደርኳቸው፤ ካሜራውን በእጄ ይዤ፣ ከላይ ጎንበስ ብዬ፣ በራሱ በካሜራው ፍላሽ አነሳሁና ላክሁ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱን የምኒልክ ብር ዋጋውን እንዲገምትልን የብር ነገር ያውቃል ለተባለ ሰው ሰጠሁት። ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልኝ። አንድ የምኒልክ ብር ሰጠሁ፣ አንድ የምኒልክ ብር ተቀበልኩ። በዚያው ክረምት እህቴ መጣች። ከረጢቱን ፈታች፣ ብሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች፣ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ የእማዬ አይደለም» አለች።

ከሦስቱ የምኒልክ ብሮች አንዱ አንበሳው እግር ሥር ትንሽ ስርጉድ እንደነበረችው ታስታውሳለች። ልጆች ሳለን ወንድማችን ብሩን ድንጋይ ላይ ሲያስጮኸው የወጣች ናት። አሁን ከሦስቱ በአንዱም ላይ የለችም። ወንድማችንን ጠየቅነው፤ «እኔ ድንጋይ ላይ የመታሁት ጠገራውን ይመስለኛል» አለ።

ፎቶውን ከፈትን። አንበሳው እግር ሥር ያለው ቦታ የፍላሹ ብርሃን ተንጸባርቆበት ነጭ ሆኗል። አጉልተን አየነው፣ አዙረን አየነው፤ ያው ነጭ ነው። ስርጉዷ ትኑር አትኑር የሚናገር ነገር የለም። ሰውየውን ሌባ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ንጹሕ ነው ለማለትም የለኝም። እስከ ዛሬ አላውቅም። እህቴ ግን «አሳልፈህ የሰጠኸው አንተ ነህ» አለችኝ፤ አንድ ዓመት ያህል በበዓል ቀን ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

ያን ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ካሜራ አንዲት ጥያቄ መመለስ አቃተው። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ብርሃን ከየት መምጣት እንዳለበት ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩት ሰውዬ ነኝ ያጠፋሁት።

ፎቶው ምን እንዲነግረን ነው የምንፈልገው?

ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ይህን እንመልስ። ጠገራ ብር ሁሉ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ተመትቷል። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተመትቷል። ሁሉም 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ የአያቴ ጠገራ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል? በንስሩ ጅራት ላባ፣ ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥና በዙሪያው ባሉት ዕንቁዎች ነው። የድሮ ነጋዴዎቻችንም እነዚያን ዕንቁዎች ቆጥረው ነበር ብሩን የሚቀበሉት ይባላል። የምኒልክንም ብር እንዲሁ፣ ሰብሳቢዎች በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመት ካነበቡ በኋላ አንበሳው የትኛውን የፊት እግሩን እንዳነሳ ያያሉ።

የታሪክና የአርኪዮሎጂ መምህራን ደግሞ የአክሱምን ሳንቲም ያነሱብኛል። እሱ የባሰ ነው። የወርቁ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከብሩና ከነሐሱም አንዳንዱ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሐል ትንሽ የወርቅ ልባጥ አለው። ያን ልባጥ የማያሳይ ፎቶ ዋናውን ነገር ደብቋል ማለት ነው።

ስለዚህ የምንፈልገው የሚያምር ፎቶ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር የሚለይ፣ «ይህ ብር ያ ብር ነው» ለማለት የሚያስችል ፎቶ ነው። ለዚህ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። በምን ቅደም ተከተል መግዛት እንዳለብን ልንገራችሁ። የብሩን ዋጋ አልጠራም፤ መጽሔታችን ታትሞ እስኪወጣ ይቀየራል።

መጀመሪያ ብርሃን

ሳንቲም ማለት ተራራና ሸለቆ ያለው መስታወት ነው። ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ከወጣ ጠፍጣፋው ቦታ ተመልሶ ሌንሱን ይመታዋል፤ የእኔ አንበሳ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ብርሃኑ ከጎን ከመጣ ግን ከፍ ያለው ይበራል፣ ዝቅ ያለው ጥላ ይይዛል፣ ስርጉድ ካለም ትታያለች።

የሚያስፈልጉን አንገታቸው የሚታጠፍ ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች ናቸው። አምፖላቸው ኤልኢዲ ይሁን፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚል ቁጥር ካለ ከ90 በላይ ያለውን ምረጡ፤ ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታው ነው። ሳንቲሙን እንደ ሰዓት ፊት ቁጠሩትና አንዱን መብራት በቁጥር 10፣ ሌላውን በቁጥር 2 በኩል አቁሙ። ከታች በኩል አታብሩ። ዓይናችን ብርሃን ከላይ መምጣቱን ስለለመደ፣ ከታች የበራ ፊት የተቦረቦረ መስሎ ይታየዋል፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ የገባ ንጉሥ ይሆንባችኋል።

ብርሃኑ በጣም ከጠነከረ መሐንዲሶቻችን የሚያውቁትን ትሬሲንግ ወረቀት ከአምፖሉ ራቅ አድርጋችሁ ከፊቱ ስቀሉ። መስኮቱን ዝጉ፤ የፀሐይና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቅ የብሩ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ቢጫ ይሆናል። ርካሽ ኤልኢዲ ከመስመሩ ኤሌክትሪክ ጋር ይርገበገባል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ጥቁር መስመር አድርጎ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካሜራው ቆሞ ስለሚያነሳ ፍጥነቱን ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ አስረዝሙት፤ መርገብገቡ ይጠፋል።

አዲስ ሆኖ እንደ መስታወት ለሚያበራ ሳንቲም፣ ወይም የወርቅ ልባጥ ላለበት፣ አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። ንጹሕ ቀጭን መስታወት፣ የፎቶ ፍሬም መስታወት ይበቃል፣ በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ አስቀምጡ። አንዱን መብራት ከጎን ወደ መስታወቱ አዙሩት። ብርሃኑ ከመስታወቱ ነጥሮ ቀጥ ብሎ ሳንቲሙ ላይ ይወርዳል፤ ሌንሱ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ያያል። ጠፍጣፋው ቦታ እኩል ይበራል፣ ቀለሙም ይወጣል። የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ፍሬም ዋጋ።

ሁለተኛ መቆሚያ

በዚህ ርቀት እጅ አይታመንም። ትራይፖድም ቢሆን ካሜራውን ቁልቁል ስታዞሩት ይወዛወዛል፣ እግሩም ብርሃን ይጋርዳል። የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ዓምድ፣ ከሥሩ ከባድ ጣውላ ያለው ነው።

እንዲህ ያለው ዕቃ አዲሱ ውድ ነው። ግን በየከተማችን ተዘግተው የቀሩ የፎቶ ቤቶች አሉ። በፊልም ዘመን ፎቶ የሚያጎሉበት ኢንላርጀር ነበራቸው። ኢንላርጀር ማለት ጣውላ፣ ዓምድ፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ጥርስ ያለው ዕቃ ነው። ራሱን አውልቃችሁ በቦታው ካሜራ ብታስሩበት ፋብሪካ የሠራውን ያህል መቆሚያ ይሆናችኋል። እኔ ከፒያሳ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ነው ያገኘሁት። ለብረት ለቃሚ ሊሰጡት ነበር። «ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። «ሳንቲም ላነሳበት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ስቀው በብረት ዋጋ ሰጡኝና ሌንሱን መረቁልኝ። ስለዚያ ሌንስ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ዛሬ እዚህ ያላችሁ መምህራን አንድ አደራ ልስጣችሁ። የዲፓርትመንታችሁ መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣ ኢንላርጀር ካለ አትጣሉት።

ካሜራው ከሳንቲሙ ጋር እኩል ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሳንቲሙ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት አስቀምጡና በካሜራው ስክሪን እዩ። ሌንሱ ራሱን ያያል። የሌንሱ ክብ በስክሪኑ መሐል እስኪሆን ካሜራውን አስተካክሉ። መሐል ከሆነ ቀጥ ብሏል። ካላስተካከላችሁ የሳንቲሙ አንድ ወገን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል፤ ሰውም «ሌንሱ መጥፎ ነው» ብሎ ሌላ ሌንስ ሊገዛ ይሄዳል። እኔ ሄጃለሁ።

ሦስተኛ ሌንስ

ጥሩ ማክሮ ሌንስ ጥሩ ነው፤ ያለው ይጠቀምበት። ለሌለው ግን ሽማግሌው የመረቁልኝ ሌንስ አለ። የኢንላርጀር ሌንስ የተሠራው ጠፍጣፋ ነገርን ከቅርብ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አጥርቶ እንዲያሳይ ነው። ሳንቲምም ማለት ይቻላል ጠፍጣፋ ነገር ነው። ኤል ኒኮር፣ ሮዳጎን፣ ኮምፖኖን የሚባሉት ስመ ጥር ናቸው፤ ፊልም ስለቀረ ፈላጊያቸው ቀንሷል። አብዛኞቹ ጥርሳቸው 39 ሚሊ ሜትር ነው። ያንን ወደ ካሜራችሁ የሚያገናኝ ቀለበትና ሌንሱን ከካሜራው የሚያርቅ ባዶ ቱቦ ያስፈልጋል። ቱቦው ውስጥ መስታወት የለበትም፣ ርካሹም ያው ነው፤ ውስጡ ጥቁር መሆኑን ብቻ እዩ።

50 ወይስ 75 ሚሊ ሜትር? እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ፍቀዱልኝ። የተለመደው መካከለኛ ካሜራ ሴንሰሩ ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ብር እንዲሞላው ምስሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነስ አለበት። ያኔ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከብሩ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 75ቱ ደግሞ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። 15 ሚሊ ሜትር የሆነ የአክሱም ሳንቲም በሙሉ መጠኑ ስታነሱ ርቀቱ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መብራት የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ስለዚህ ከተገኘ 75 ወይም 80 ይሻላል፤ 50 ካገኛችሁም አትመልሱት። የሌንሱን ቀዳዳ 5.6 ወይም 8 ላይ አድርጉት። «ብዙ ቢጠብ የበለጠ ይጠራል» ብላችሁ 16 አታድርሱት። በሙሉ መጠን ስታነሱ 8 ራሱ እንደ 16 ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ወዲያ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ተበትኖ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

መጨረሻ ካሜራ

አሁን ካሜራ። ያገለገለ ይሁን። 12 ሜጋፒክስል ከበቂ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ካሜራ ምስሉን የሞላ የምኒልክ ብር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከ60 በላይ ነጥብ ይደርሰዋል። መጽሔት ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል አድርጎ አጥርቶ ለማተም ደግሞ በወርድ አንድ ሺህ ነጥብ ይበቃል፤ እኛ ከሁለት ሺህ ተኩል በላይ አለን። ሻጩ 40 ሜጋፒክስል ሲላችሁ በትህትና አመስግናችሁ እለፉ።

ዋናው መስፈርት ላይቭ ቪው የሚባለው ነው፤ ከማንሳታችን በፊት ምስሉን ስክሪኑ ላይ አጉልቶ ማሳየት መቻል አለበት። በዚህ ርቀት ፎከስ የሚደረገው በእጅ ነው፣ አጉልቶ እያዩ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጡት ኒኮን ዲ90 እና ካነን 450ዲ ሁለቱም 12 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ሁለቱም ላይቭ ቪው አላቸው። ዛሬ እንደ አሮጌ ስለሚቆጠሩ ነው የማወራላችሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ሌንሱን ጠበብ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። ባትሪውን ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ላይቭ ቪውን ከፍታችሁ አጉልታችሁ እዩ። ሻጩ ይህን ሁሉ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ስልክስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ምንም ከሌለ ስልክ ይበቃል፤ መብራቱና መቆሚያው ግን ይኑር። ስልኩን በሁለት የመጽሐፍ ክምር መካከል አጋድሙት። በጣም አትቅረቡ፤ ራቅ በሉና ሁለት እጥፍ አጉሉ፣ ያለበለዚያ የስልኩ ጥላ ራሱ ሳንቲሙ ላይ ያርፋል። ችግሩ ስልክ «ላሳምርልህ» ባይ ነው። ጭረቱን ያለሰልሳል፣ ጠርዙን ያሰላል። ለመታሰቢያ ጥሩ ነው፤ እንደ እኔና እንደ እህቴ ክርክር ላለ ጉዳይ ግን ያልተነካካውን ጥሬ ፋይል የሚያስቀምጥ ካሜራ እመርጣለሁ።

እኔ ድጋሚ ብጀምር በእጄ ካለው መቶ ብር ሃያ አምስቱን ለመብራት፣ አሥራ አምስቱን ለመቆሚያ፣ ሃያውን ለሌንስና ለቱቦ፣ አርባውን ለካሜራ አደርገዋለሁ። ያን ውድ ካሜራ ምን አደረግኸው ካላችሁ ሸጥኩት። በዋጋው ይህን ሁሉ ገዝቼ፣ የተረፈው የኩሽናውን ጣሪያ አስጠግኖልኛል። ባለቤቴ ስለ ሳንቲም ክፉ መናገር የተወችው ያኔ ነው።

አነሳሱ

ከማንም ምክር በፊት አንድ ነገር፦ ሳንቲሙን አትጠቡት። አያቶቻችን ብርን በአመድና በሎሚ ሲያሹት አይተናል። ጌጡ ያበራል፣ ሳንቲሙ ግን በእያንዳንዱ እሽታ ቆዳውን ይጥላል፤ ሰብሳቢም የታሸ ሳንቲም ዋጋ ይቀንሳል። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙ። በቃ።

ሳንቲሙን ከጠርሙስ ክዳን ላይ አሳርፉት፣ ከሥሩ ግራጫ ወይም ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ። ሳንቲሙ ከፍ ስለሚል የጨርቁ ክር ደብዝዞ ይጠፋል። መጀመሪያ በዚያው ብርሃን ነጭ ወረቀት አንስታችሁ ካሜራው ነጩን እንዲያውቅ አድርጉ። የካሜራውን የብርሃን ስሜት፣ አይኤስኦ የሚሉትን፣ ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ፎከሱን ፊደሉ ላይ አጥሩ። ከዚያ በጣታችሁ ተጭናችሁ አታንሱ፤ ሰዓት ቆጣሪውን አሥር ሴኮንድ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ጎረቤት በር ሲዘጋም ይንቀጠቀጣል፤ እኔ የማነሳው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው።

ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን አንሱ። ከዚያ መብራቶቹን ሳትነኩ አንዱን አጥፍታችሁ እንደገና አንሱ። ያ ሁለተኛው ፎቶ አያምርም፤ ስርጉድና ጭረት የሚወጣው ግን እሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ አንድ ጨምሩ። ክብደቱን በወርቅ ቤት ሚዛን መዝኑና ጻፉ።

ከፎቶው በኋላ

ይህን ሁሉ ድካም የአንድ ጡረተኛ ጨዋታ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናለሁ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦብጀክት አይዲ የሚባል ዓለም አቀፍ የመግለጫ ደንብ አለ፤ ሙዚየሞችም ፖሊስም የተሰረቀ ቅርስን የሚፈልጉበት። የመጀመሪያው መመሪያው ፎቶ አንሱ ነው። ቀጥሎ መጠኑን፣ የተሠራበትን፣ የተጻፈበትን፣ ከሌላው የሚለየውን ምልክት ጻፉ ይላል። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ደንግጋለች። ምዝገባው ያለ ፎቶ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የእኔ ነጭ አንበሳ ይመሰክራል። ፎቶውን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይሁን።

ወደ እህቴ ልመለስና ልጨርስ። መቆሚያው ከቆመ በኋላ ከረጢቱን አውጥቼ አሥራ አንዱንም እንደ አዲስ አነሳሁ፤ ያንን የምንጠራጠረውንም ጨምሬ። በዚያው ሌሊት ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ስለ ምኒልኩ ብር አላነሳችም። «አራተኛውን ጠገራ ክፈተው፣ ከዘውዷ በላይ ጠርዙን እይ» አለችኝ። ከፈትኩት። የቀለጠ ብር ቅሪት፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የምታክል፣ በአንዱ መብራት ፎቶ ላይ ጎልታ ትታያለች። ያን ብር ስንት ጊዜ በእጄ ይዤዋለሁ፣ አይቻት አላውቅም።

«ማንጠልጠያው የነበረበት ነው» አለች። «አያታችን በሠርጓ ቀን አንገቷ ላይ ያደረገችው ይሄ ነው። እማዬ ነግራኛለች። የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር።»

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንደ ድሮው እንነጋገራለን። ስለ ስርጉዷ ብር አልተስማማንም፣ አንስማማምም። ያ ፎቶ አንዴ አምልጦናል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ነገ ጠዋት ከምሳ በፊት መቆሚያዬን እዚሁ አዳራሽ ጥግ አቆማለሁ። ቤታችሁ ጠገራም ይሁን፣ አላድም ይሁን፣ ያባታችሁ የኪስ ሳንቲምም ይሁን ካለ ይዛችሁ ኑ። ሳታጥቡት። ፎቶውን በፍላሽ ዲስክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ብሩ ከእጃችሁ አይወጣም። ከአሜሪካና ከሌላም አገር የመጣችሁ ደግሞ ስትመለሱ እናንተ ዘንድ ያለውን በዚሁ መንገድ አንሱት፤ ከዚያ የምትልኩልን ፎቶ እዚህ ካለው ጋር ሲገጥም የስንቱ ቤት ታሪክ ሊሞላ እንደሚችል አስቡት። ከወጣት መምህራን መካከል አንድ ሁለት ሰው ቢያግዘኝ ደግሞ መቆሚያውን እዚሁ ግቢ ትቼው እሄዳለሁ። እኔ ሌላ ኢንላርጀር ፍለጋ ፒያሳ መውረድ አይከብደኝም።